«ካላመመኝ ምን ብዬ ልታይ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጡት ጤና

ባለፈው እትም ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ የሚያሳስባችሁን ጻፉልን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ስምና አድራሻ አስቀርተን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽምብራ የሚያክል ጠንካራ ነገር ዳሰስኩ። አያመኝም። አክስቴ «የማያምምን ነገር አትነካኪው፤ ቢላ ከነካው ይበተናል፤ ስንቷን አይቻለሁ» ትለኛለች። እንጦጦ ማርያም ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠምቄ ካልጠፋ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ በዚህ ሳምንት ይታዩ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንነግርዎታለን፤ አክስትዎ ያሉትም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ከወር አበባ በፊት ሁለቱንም ጡት ወጥሮ የሚያመው ነገር ግን በአብዛኛው የሆርሞን መለዋወጥ ነው። ሰው ያመመውን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሮጣል፣ ያላመመውን «ይቆይ» ይላል፤ ብዙ ሴቶች ዘግይተው የሚደርሱት በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ ያገኙት ካንሰር ላይሆን ይችላል። ጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ አይደሉም፤ በእርስዎ ዕድሜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ጉዳት የሌለው እብጠትና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ይታያሉ። ነገር ግን በእጅ ዳሶ ብቻ «ይህ አይደለም» ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። በአገራችን ደግሞ ታማሚዎቹ በአርባዎቹ ዕድሜና ከዚያም በታች ያሉ ብዙ ናቸው፤ ወጣትነት ዋስትና አይሆንም።

አሁን ወደ ቢላው እንምጣ። አክስትዎ ተቆርጦላቸው የባሰባቸውን ሴቶች አይተው ይሆናል። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንዷ ስትመጣ በሽታው አስቀድሞ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሳንባ ሄዷል፤ ኦፕራሲዮኑ ከመደረጉ በፊት የነበረው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይታወቃል። ሌላዋ ላይ እብጠቱ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፣ ሥጋው ለምርመራ ሳይላክ ይጣላል፣ ዳር ዳሩ የቀረው መልሶ ያድጋል። በሁለቱም ሰው የሚያስታውሰው ቢላውን ነው። ስለዚህ የአክስትዎን ስጋት ወደ ጥንቃቄ ይለውጡት፦ ናሙና ሳይወሰድ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ «ትንሽ ነው፣ አደንዝዘን እናውጣልሽ» የሚል ቢገጥምዎ እሺ አይበሉ። ከጡት የወጣ ሥጋ ሁሉ፣ ምንም ቢመስል፣ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ) መሄድ አለበት። ለናሙና የሚገባው መርፌ ደግሞ በሽታውን በሰውነት አይበትነውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ መታወቂያዎንና ካለዎት የጤና መድን ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ። ለሚያይዎት ባለሙያ ከሌላው ሕመም ጋር አደባልቀው ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው «ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቻለሁ፤ ሁለት ወር ሆኖታል» ይበሉ። ሁለቱም ጡት፣ ሁለቱም ብብትና ከአንገት ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ መዳሰስ አለበት። ልብስ ሳይወልቅ የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይደለም። ከዚያ ሪፈር ይጻፍልዎታል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።

በ34 ዓመት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ያሳያል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይጨመራል። ቀጥሎ መርፌ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ቀጭኑ ሴሎችን ብቻ መጥጦ ያወጣል፤ በከተማችን በብዙ ቦታ ይሠራል፣ ቶሎም ይደርሳል። ወፈር ያለው በማደንዘዣ ገብቶ ክር የሚመስሉ የሥጋ ቁራጮች ያወጣል። ካንሰር ከተጠረጠረ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የሆርሞን ተቀባይና ኸርቱ (HER2) የሚባሉትን ምርመራዎች ለመሥራት ሥጋው ያስፈልጋል፤ ያለ እነሱ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ አይታወቅም።

አንዳንድ ጊዜ ናሙናውን ይዞ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚሄደው ታካሚው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሥጋው ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት፤ ፈሳሹም ከሥጋው መጠን 10 እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። በውሃ ወይም በግሉኮስ ብልቃጥ የተላከ፣ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ የደረቀ ናሙና አይነበብም። ፎርማሊን ውስጥም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት ይኖርበታል፤ ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና እስከ ማክሰኞ ሳይነካ ከቆየ የሆርሞኑን ምርመራ ሊያዛባ ይችላል። ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስምዎ፣ ዕድሜዎ፣ የትኛው ጡት እንደሆነና የተወሰደበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። ውጤቱ ሲመጣም ወረቀቱን ብቻ ተቀብለው አይሂዱ፤ ሥጋው በሰም የተቀመጠበት ብሎክ የት እንዳለ ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ቀጣዩ ምርመራ ከእሱ ላይ ነው የሚቆረጠው።

አንድ ነገር እንጨምር። የሐኪሙ መዳሰስ፣ የምስሉና የመርፌው ውጤት ሦስቱም መስማማት አለባቸው። እጅና ምስል እያጠራጠሩ ቀጭኑ መርፌ «ምንም የለም» ቢል ነገሩ አልተዘጋም፤ መርፌው እብጠቱን ስቶት ሊሆን ስለሚችል በወፍራሙ ይደገማል።

ጸበሉን አይተዉ፤ ቀጠሮውንም አያስቀሩ። በኤችአይቪ ዘመን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን አባቶች ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ አስተምረዋል፤ ለዚህም ይሠራል። ሁለት ሱባኤ 14 ቀን ነው፣ ችግር ላይሆን ይችላል። ግን ሁለቱ ሱባኤ አልቆ እብጠቱ ትንሽ ያነሰ ሲመስል ሌላ ሱባኤ ይጨመራል፣ ከዚያ ጾሙ ይገባል፣ ከዚያ በዓሉ ይደርሳል። ምልክት ካዩ በኋላ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ መዘግየት የመዳን ዕድልን እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለቱን ወር ጨርሰዋል። ጠዋት ተጠምቀው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ይቻላል። ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው። ቅጠል መለጠፍና መተኮስ ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ ቆዳውን አቁስሎ ከበሽታው የመጣውን ከቁስሉ ለመለየት ያስቸግራል፣ ኦፕራሲዮኑንም ያዘገያል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ 47 ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤታችን በጥቅምት ወር ማሞግራም ሊያስነሳን ነው። ጨረሩ ራሱ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ፤ ጡት ጨፍልቆ ያሳምማልም ይባላል። አንዴ ተነስቼ «ነፃ ነሽ» ከተባልኩ በቃኝ ማለት ነው?

መልስ፦ የአንድ ማሞግራም ጨረር 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ማንኛውም ሰው ከምድርና ከጠፈር በሰባት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ሳያውቀው የሚቀበለው መጠን ነው። በእርስዎ ዕድሜ ጥቅሙ ከዚህ ይበልጣል።

እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ፣ ከላይ ወደ ታችና በሰያፍ ይነሳል፤ በድምሩ አራት ምስል። ጡቱ በሁለት ሰሌዳዎች መሀል የሚጫነው በእያንዳንዱ ለጥቂት ሰከንዶች ነው። የሚጫነውም በምክንያት ነው፤ ካልተሳሳ ሥጋው ተደራርቦ እብጠቱን ይሸፍነዋል፣ ጨረሩም ይጨምራል። ሕመሙን ለመቀነስ የወር አበባዎ ከጀመረበት ቀን ቆጥረው ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቀጠሮ ይያዙ። በዕለቱ ዲኦዶራንት፣ ፓውደር፣ ቅባት ብብትና ጡት ላይ አያድርጉ፤ ፓውደሩ ምስሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታይና የሌለ ጥርጣሬ ያመጣል። ከቀሚስ ይልቅ ሸሚዝና ጉርድ ይልበሱ፤ ከላይ ብቻ አውልቀው ይነሳሉ።

ውጤቱ ላይ ባይራድስ (BI-RADS) የሚል ቃልና ቁጥር ይኖራል። 1 እና 2 የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት ነው። 3 ካንሰር የመሆኑ ዕድል ከ100 ሁለት የማይበልጥ፣ በ6 ወር መደገም ያለበት። 4 እና 5 ናሙና ይፈልጋሉ። 0 ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን ምስሉ ስላልበቃ ተጨማሪ ይነሳ ነው። ውጤቱን በስልክ ብቻ ተቀብለው እንዳይቀሩ፤ ወረቀቱንና ምስሉን በሲዲ ወይም በፊልም ይውሰዱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ነው ትንሽ ለውጥ የሚታየው።

«በቃኝ» ለሚለው፤ አይበቃም። ማሞግራም ካለው ካንሰር ከስምንቱ አንዱን ያህል ያመልጠዋል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ላይ የበለጠ። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ነፃ ተብለው ታኅሣሥ ላይ እብጠት ካገኙ የጥቅምቱን ወረቀት አይመኑ፣ ይታዩ። ድግግሞሹን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት አቅሙ ባለበት ከ50 እስከ 69 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ይላል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚመከረው ከ40 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ካዘጋጀው ዕድሉን ይጠቀሙበት።

ማሞግራም የማይደርሳቸው እህቶች ደግሞ በሠለጠነ ሰው እጅ መዳሰስን አይናቁ። ሕንድ ሙምባይ ከ150,000 በላይ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር፤ በሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የተዳሰሱት ላይ በሽታው ቀድሞ ተገኝቷል፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑትም ሞቱ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ጡቴንም እዩልኝ» ማለት ይቻላል፤ አንድ ቀን፣ አንድ ካርድ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የአምስት ወር ልጅ አጠባለሁ። አንዱ ጡቴ ቀልቶ፣ ጠጥሮ ሦስት ሳምንት ሆነው። ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። ከመድኃኒት ቤትም ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ገዝቼ ወስጃለሁ። ቅላቱ አልለቀቀም። ልጁን ልተው?

መልስ፦ ልጁን አይተዉ፤ በሁለቱም ጡት ያጥቡ፣ ከያዘው ጡት ካልሳበ በእጅ ይለቡ። ወተት ረግቶ የሚመጣ የጡት ቁጣ ግን ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ መሻሻል ማሳየት አለበት። ካልተሻሻለ ሦስት ነገር ይታሰባል፦ መድኃኒቱ አልገጠመም፣ መግል ቋጥሯል፣ ወይም ቁጣ መስሎ የሚመጣው የካንሰር ዓይነት ነው። የመጨረሻው ብርቅ ነው፤ ግን ይፈጥናል፣ ብዙዎችንም የሚያዘገየው በየመድኃኒት ቤቱ ሦስተኛና አራተኛ አንቲባዮቲክ መለዋወጡ ነው። ሌላ መድኃኒት አይግዙ። ነገ ሄደው አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎ። ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ነጥብ ነጥብ ካለ፣ ይህንን ለሐኪሙ በቃልዎ ይንገሩ። ለአልትራሳውንድም ሆነ ለማሞግራም ማጥባት አይከለክልም፤ ከመግባትዎ በፊት አጥብተው ጡቱን ባዶ ማድረግ ምስሉን ያጠራዋል።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የቀኝ ጡቷ ጫፍ ከገና ወዲህ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ካንሰር ከሆነ ሞት ነው፤ ካልሆነ ምን አስኬደኝ? እግዚአብሔር የቆረጠው ቀን አለ» ትላለች። እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ እናትዎ ላይ የሚታየው አዲስ ምልክት ስለሆነ ከተራ የቅድመ ምርመራ ቀጠሮ ይቀድማል። ዕድሜ ልኩን ወደ ውስጥ የነበረ ጫፍ አያሳስብም፤ በ62 ዓመት አዲስ የገባ ግን ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ይጠረጠራል።

«ካንሰር ሞት ነው» የሚለው እምነት ከምንም አልመጣም። በየሰፈሩ የታወቀችው ታማሚ ቁስሉ ከፈነዳ በኋላ ሐኪም ቤት የሄደችው ናት፤ ቀድማ ታክማ የዳነችው ለማንም አልተናገረችም፣ ስለዚህ ለቅሶ እንጂ መዳን አይታይም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከአሜሪካ መዝገብ ይታያል፤ በሽታው ከጡት ሳይወጣ የተገኘባቸው ከመቶው 99 ያህሉ አምስት ዓመት ያልፋሉ፣ ሩቅ አካል ከደረሰ በኋላ የተገኘባቸው ግን ሲሶ ገደማ ብቻ። ቁጥሩ የእነሱ አገር ሕክምና ነው፤ በቀደመችውና በዘገየችው መካከል ያለው ርቀት ግን እዚህም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የጡት ካንሰር መርሐ ግብርም የመጀመሪያ ግቡ ከታማሚዎች 60 በመቶዎቹ በደረጃ አንድና ሁለት፣ ማለትም በሽታው ሩቅ ሳይሄድ፣ እንዲገኙ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ ከደረሱ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲያልቅ።

በቁጥር ግን አያሳምኗቸው። መጀመሪያ ምን እንደሚፈሩ ይጠይቁ። በብዛት የሚሰማው ከሞት ፍርሃት ይልቅ «ልጆቼን አላስቸግር»፣ «ጡቴን ሊቆርጡኝ ነው»፣ «ዕድሩ ያወራብኛል» ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ መልስ አለው። ለመጀመሪያው ምርመራው በጤና ጣቢያ እንደሚጀመር ይንገሯቸው። ለሁለተኛው፣ እብጠቱ ትንሽ ሳለ ጡቱን ሳያነሱ እሱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መጨመር የሚቻልበት ሁኔታ አለ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ብዙው ካንሰር በሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ነው፤ ለሱ ታሞክሲፌን የሚባል 20 ሚሊግራም እንክብል በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ ፀጉር የሚረግፈውም ሁሉም ታካሚ ላይ አይደለም። የቆረጠው ቀንስ? እናትዎ ግፊት ቢኖራቸው ኪኒናቸውን ይውጡ ነበር፤ መታከም በእግዚአብሔር ቀን ጣልቃ መግባት እንዳልሆነ ንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእኛ ይሻላል። አታልለው አይውሰዷቸው፤ ሕክምናው ረጅም ነው፣ በመጀመሪያው ቀን የጠፋ እምነት በኋላ ቀጠሮ ያስቀራል። እርስዎም አብረው ገብተው ቢታዩ መንገዱ ይቀላል።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ባለቤቴ በወንድ ሐኪም መታየት አትፈልግም። እኔም ግር ይለኛል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ካርድ ክፍል ላይ «ሴት ባለሙያ እንፈልጋለን» ብለው ይጠይቁ፤ በጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል ሴት ነርሶችና አዋላጆች በብዛት አሉ። የዕለቱ ተረኛ ወንድ ብቻ ከሆነ ሴት ነርስ ወይም እርስዎ አብራችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሴት ሐኪም የምትገባበትን ቀን ጠይቆ መመለስም ይቻላል፤ ቀኑ በዚያው ሳምንት ውስጥ እስከሆነ ድረስ። ከዚያ ከራቀ ያለው ይያት።

ከተለያዩ አንባቢዎች በአጭሩ፦ ጡት መያዣ፣ ጥቁሩም ሆነ ሽቦ ያለው፣ ካንሰር አያመጣም፤ ገንዘብ ወይም ስልክ ውስጡ መያዝም እንደዚያው። በሽታው አይተላለፍም፤ ልብስም ማዕድም መለየት አያስፈልግም። ጡት ማጥባት ይረዳል፤ በድምሩ በእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት አደጋው 4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ነገር ግን አራት ልጅ ያጠባችም ትታመማለች። «በዘራችን የለም» ለምትሉ፦ በዘር የሚወረሰው ከመቶው ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚገኘው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በሴቶች ላይ ከሚመዘገበው ካንሰር አንድ ሦስተኛ ገደማ የጡት ነው፤ አብዛኞቹ በቤተሰባቸው የመጀመሪያ ናቸው። ወንዶችም፣ በጣም ጥቂት ቢሆኑ፣ ይይዛቸዋል።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ 22 ዓመቴ። ጡቴን ራሴ ስዳስስ ሁሉም ነገር እብጠት ይመስለኝና እንቅልፍ አጣለሁ። ትክክለኛው አደራረግ እንዴት ነው?

መልስ፦ በ22 ዓመት ጡት ቋጠር ቋጠር ማለቱ ተፈጥሮው ነው፤ በተለይ ወደ ብብት ያለው የላይኛው ክፍል። ደግሞም በየወሩ ራስሽን እንድትመረምሪ ግዴታ የለብሽም፤ በሻንጋይ 266,064 የፋብሪካ ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት ይህን መማር ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ከንቱ ናሙና ግን እንዳበዛ አሳይቷል። የሚጠቅምሽ የራስሽን ጡት ማወቅ ነው።

የወር አበባሽ ካለቀ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ በጀርባሽ ተኚ፣ ከትከሻሽ ሥር ጋቢ አጥፈሽ አድርጊ፣ እጅሽን ከራስሽ ኋላ መልሺ። በሌላው እጅ የሦስቱን መካከለኛ ጣቶች ሆድ ተጠቀሚ፤ በጣት ጫፍ ከቆነጠጥሽ ጤነኛ ሥጋም እብጠት ይመስላል፣ የአንቺም ችግር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ትንንሽ ክብ እየሠራሽ በአንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለሽ፣ ቀጥሎ ጫን፣ በመጨረሻ የጎድን አጥንት እስኪሰማሽ ተጫኚ። ከብብት ሥር ጀምረሽ እስከ ደረት መሀል፣ ከአንገት ሥር አጥንት እስከ ጡት ግርጌ ወደ ላይና ወደ ታች በመስመር ሂጂ። ግርጌው ላይ የሚገኘው ጠንከር ያለ ጠርዝ የሁሉም ሴት ነው። የተጠራጠርሽውን ቦታ ከሌላኛው ጡት ተመሳሳይ ቦታ ጋር አወዳድሪ፤ ሁለቱም አንድ ከሆኑ ተዪው። በአንዱ ብቻ ካለና ቀጣዩ የወር አበባ አልፎም ካልጠፋ፣ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ ወይም ቆዳው ከጎደጎደ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሂጂ። ያረጡ እናቶች የወር አበባ ስለሌላቸው ቀን መምረጥ ይበቃቸዋል፤ በ21 ማርያምን የሚዘክሩ በዚያው ቀን ቢያደርጉት አይረሱትም።